የለመደበት እግር

በሰፈሩ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ ያስተማረው ጋሼ ፍሬን ነው ብሎ መወራረድ ይቻላል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። የማስተማሪያዋ መኪና በአስተማሪው በኩልም አንድ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው እንዲረግጣት የተገጠመች። ጋሼ ፍሬን ግን ተማሪው እስኪደናገጥ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ድመት አጥር ላይ ብቅ ስትል ይረግጣል፤ ሩቅ ያለ መብራት ቢጫ ሲሆን ይረግጣል፤ ተማሪው ጎበዝ ሆኖ ምንም ሳያጠፋ ሲቀር ደግሞ እንዲያው ለጥንቃቄ ይረግጣል። የሰው መኪና ውስጥ ሲሳፈር እንኳ ቀኝ እግሩ የሌለ ፔዳል ፍለጋ ወለሉን ሲጫን ይውላል። ነርሷ ሚስቱ "አልጋ ላይም እኮ ትረግጣለህ፤ ቁርጭምጭሚቴን ጨረስከው" እያለች ትስቅበታለች።

እንዲህ ያለው ሰው አውሮፕላን ማብረር ልማር ብሎ ሲነሳ ያልሳቀ የለም። ነገሩን ያመጣችው ልጁ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምትባለው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ከአባቷ ቢበልጥም ስሙ አልለቀቃትም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የበረራ ክለብ ወጣቶችን እንደሚያስተምር ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እናትየው "እኔ በቁሜ? አይሆንም!" ብላ በሩን ዘጋችው። አባትየው ነው መሃል ገብቶ ያበረደው።

"አብሬያት እማራለሁ። እኔ አጠገቧ ካለሁ ምን ትሆናለች?" አለ።

ሲናገር ለልጁ መስዋዕት የሚሆን አስመስሎት ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ሰማይ ላይ ስትወጣ እሱ አጥር ተደግፎ አንጋጦ ማየቱ አልዋጥለት ብሎ ነው። ሰፈሩን በሙሉ ያስተማረ ሰው ልጁ የምታውቀውን ሳያውቅ ሊቀር? ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን በግማሽ አፉ ነው የነገረው።

ክለቡ አውሮፕላን የሚያድርበት አንድ ሃንጋር፣ ስፖንጁ የወጣ ሶፋ ያለበት አንድ ክፍልና አንዲት ባለ አራት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ነው። አስተማሪያቸውን ሁሉም ካፒቴን ይሏታል፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትቆጣም ስትስቅም ፊቷ የማይለዋወጥ ሴት ናት። አባትና ልጁን በተራ ነው የምታስተምራቸው። አንዱ ከፊት ከካፒቴኗ ጎን ተቀምጦ ሲያበር ሌላው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ያያል፤ ከዚያ ያርፉና ቦታ ይቀያየራሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ፍሬን እንደ ልማዱ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። አውሮፕላኗ ግን ነገሬ ሳትለው ቀጥ ብላ ሄዳ ሣር ውስጥ ገባች። መሬት ላይ ያለ አውሮፕላን የሚታጠፈው በእግር እንጂ በእጅ እንዳልሆነ የዚያን ዕለት ነው ያወቀው።

"ጋሼ፣ መሪውን ይልቀቁት። እኔ የምፈልገው እግርዎን ነው" አለች ካፒቴኗ።

"እግር ከሆነማ ትክክለኛው ሰው መጥቶልዎታል!" አለ።

ሚጣ ከኋላ በሳቅ ፈረሰች። የሳቀችው በፍቅር እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ጆሮው ቀላ።

እግሩ ግን ትክክለኛው እግር አልነበረም። የአውሮፕላኗ ሁለት ፔዳሎች ከሥር ሲገፏቸው ያዞራሉ፤ ከላይ በጣት ሲጫኗቸው ደግሞ ፍሬን ይሆናሉ። ሲያርፉ ጣት ከነካቸው ጎማው ሳይሽከረከር መሬት ይመታና አስፋልቱ ላይ ይፋቃል። ስለዚህ ለማረፍ በተቃረበ ቁጥር ካፒቴኗ "ተረከዝ ወለል ላይ!" ትላለች። እሱም ተረከዙን ያወርዳል፤ መሬቱ ሽቅብ ሲመጣበት ግን እግሩ ሳያማክረው ይነሳል። ካፒቴኗ ደጋግማ በእጇ ጉልበቱን ወደ ታች ተጭናለታለች፤ አንዲት ወጣት ሴት ጉልበቱን እየያዘች ስታስተምረው ለዕድሜው ምን ያህል እንደሚከብድ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሚጣ ደግሞ ምኗም አይከብዳት። ነገር አይደጋገምላትም። መሪውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እየተነጋገረች፣ አውሮፕላኗን እንደ እንቁላል ነው የምታስቀምጣት። ከኋላ የተቀመጠው አባት ግን ዝም ብሎ ማየት አይችልበትም። "ቀስ!" ይላል። "ክንፍሽ!" ይላል። የጆሮ ማዳመጫው ድምፁን ለሦስቱም ስለሚያደርስ ካፒቴኗ "ከኋላ ሬዲዮ ይጥፋልን" ትለዋለች። ያኔ በአፉ ያቃተውን በእጁ ያመጣዋል፤ ጎንበስ ይልና የልጁን ሸሚዝ ከጀርባዋ ጎተት ያደርጋል። እሷም ዘወር ሳትል "አይቼዋለሁ አባዬ" ትላለች። እውነትም ሁልጊዜ አይታዋለች።

ክለቡ አንድ ልማድ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ያረፈ ሰው የሸሚዙ ጀርባ በመቀስ ይቆረጥና ከሶፋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ድሮ አስተማሪው ከተማሪው ኋላ ነበር የሚቀመጠው አሉ፤ የሞተሩ ጩኸት ስለማያሰማ የተማሪውን ሸሚዝ እየጎተተ ነበር የሚያስተምረው። ብቻውን የበረረ ሰው ሸሚዙን የሚጎትተው አያስፈልገውም፤ ለዚያ ነው የሚቆረጥለት። ጋሼ ፍሬን ሻይ ይዞ ሶፋው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ያንን ግድግዳ ያያል። የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሰቀልለት ሳይቀር መርጧል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሃንጋሩ በር ኋላ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ካፒቴኗ ልጁን ስታናግራት ሰማ።

"አንቺ ደርሰሻል። በሚቀጥለው ጊዜ ብቻሽን ትነሻለሽ።"

ሚጣ ግን "ካፒቴን፣ እባክዎ አባዬ ይቅደም" አለች። "እሱ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። እኔ ከቀደምኩ ሆድ ይብሰዋል።"

ጋሼ ፍሬን ጨርቁን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ገብቶ "የለም፣ ልጄ ትቅደም" ማለት ነበረበት። ለመግባትም አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ግን ግድግዳው ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው እያፏጨ ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጁ የራሷን ተራ ይዛለት ስትጠብቅ እሱ የማያውቅ መስሎ ተለማመደ።

ሁለቱም በተራ ብቻቸውን የሚነሱበት ቁርጥ ቀን መጣና ካፒቴኗ ከአውሮፕላኗ ወርዳ በሩን ከውጭ ዘጋችበት። "አንድ ዙር ብቻ። ተረከዝ" አለችው።

ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። አውሮፕላኗ የአንድ ሰው ክብደት ስለቀነሰላት ከለመደው ቀድማ ብድግ አለች፤ ልቡም አብራት ተነሳች። የከተማው ጣሪያዎች ከሥሩ ተዘረጉ፤ ሲዞርባቸው የኖረባቸው መንገዶች ሁሉ ከላይ ሲታዩ ቀጭን ሆኑበት። ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚህ በፊት የተሰማው ሚጣ የተወለደች ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ሽቅብ ይመጣበት ጀመር። "ተረከዝ" አለ ለራሱ። መሬቱ ቀረበ። ሃያ ዓመት ድመትና ቢጫ መብራት ሲያስረግጠው የኖረው እግር ተነሳ።

ጎማው ጮኸ። አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ተወላገደች፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ካፍንጫው ገባ። ደንግጦ እግሩን አነሳና እንደምንም አስተካክሎ አቆማት። ካፒቴኗና ሌሎቹ በማኮብኮቢያው ሌላኛው ጫፍ፣ ሃንጋሩ አጠገብ ነበሩ፤ በሬዲዮ "ትንሽ ተወላገደች፣ ንፋስ ነው?" አለችው። "ንፋስ ነው" አለ። አውሮፕላኗን እየነዳ ሲመለስ ከቀኝ በኩል ዱብ ዱብ የሚል ነገር በወንበሩ በኩል ይሰማው ነበር።

አቁሞ ሲወርድ ሰዎቹ ገና እየመጡ ነው። የቀኙን ጎማ አየ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ተፍቆ የውስጡ ክር ብቅ ብሏል። ሰዎቹን አየ፤ መቀሱ በካፒቴኗ እጅ ነው። ሚጣ ከሁሉም ቀድማ እጇን እያወዛወዘች ትሮጣለች። ያኔ ጋሼ ፍሬን ሕይወቱን ሙሉ ቢከፍል ሊመልሰው የማይችለውን ነገር አደረገ። ክንፉ ሥር ያለውን ብረት ይዞ አውሮፕላኗን በስንዝር ወደፊት ገፋት። የተፋቀው ቦታ ወደ ሥር ዞሮ አስፋልቱ ላይ ተኛ። ከላይ ሲታይ ጎማው ምንም አልሆነም።

እቅፍ አደረጉት። ዘወር አድርገው ሸሚዙን ቆረጡለት። ሚጣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ "አባዬ! አባዬ!" አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። አንዱ የክለቡ አባል ጨርቁን በምስማር ሊሰቅል ይዞት ሄደ። ጋሼ ፍሬን እየሳቀ ነበር፤ ጀርባው ላይ ግን ነፋሱ በተቆረጠው ሸሚዝ በኩል ይገባ ነበርና በረደው።

"ንፋሱ ሳይቀየር ሚጣም ትሂድ" አለች ካፒቴኗ። "ሂጂ፣ ዙሪያዋን ፈትሺ።"

ይህን አላሰበውም ነበር። ቢያምኑትም ባያምኑትም አላሰበውም። ሁለቱም በአንድ ቀን እንደሚበሩ እያወቀ፣ ጎማዋን ሲያዞር ስለ ሸሚዙ እንጂ ስለ ልጁ አላሰበም። አሁን ልጁ በዚያ ጎማ ልትነሳ፣ በዚያ ጎማ ልታርፍ ነው። ሚጣ በአውሮፕላኗ ወዲያኛው ጎን ዞራ ከዓይኑ ተሰወረች። "ጎማው ተፍቋል" ብሎ መናገር ሁለት ቃል ነው። ግን ሁለቱን ቃል ተከትሎ "ለምን ዝም አልክ?" ይመጣል፤ "ማነው ያዞረው?" ይመጣል፤ ሸሚዙም ከግድግዳው ይወርዳል።

የክለቡ ደንብ ዕድሜው አሥራ ስምንት ያልሞላ ተማሪ ብቻውን ከመነሳቱ በፊት ወላጁ እሺ ማለት አለበት ይላል። ካፒቴኗ ለወጉ ያህል ዞር ብላ "አባት፣ እሺ ይላሉ?" አለችው።

"አይ" አለ።

"አይ?"

"ዛሬ ይቅርባት። ፈርታለች።" ሁሉም ወደ እሱ ሲዞሩ ጨመረበት። "ጠዋት መኪና ውስጥ ነግራኛለች። ለእርስዎ መናገር አፍራ ነው እንጂ ማታ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ምን ይደረግ፣ ልጅ ናት።"

ሚጣ በአውሮፕላኗ ጅራት በኩል ዞራ መጥታ ቆማለች። ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደሰማች አላወቀም። አፏ ለመናገር ተከፍቶ ነበር። መዳፎቿ በጥቁር ተለቅልቀዋል። አባቷን አየችው፤ ረጅም አስተያየት ነው ያየችው። ከዚያ አፏን ገጠመች።

"እውነት ነው ሚጣ?" አለች ካፒቴኗ።

ልጅቷ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። "አባዬ ካለ" አለች።

"አይዞሽ" አለ አንዱ። "እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነበርኩ፣ አይዞሽ" አለች ሌላዋ። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት። ጋሼ ፍሬን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ጨክና ትቆማለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጣ ከጎኑ አልተቀመጠችም። ሊሄዱ ሲሉ "አንድ ጊዜ" ብላ ወደ ሃንጋሩ ሮጣ ተመለሰችና የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ከተወለደች ጀምሮ ከፊት ለመቀመጥ የምትጣላ ልጅ ናት። በመስታወቱ ሲያያት ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች።

ቤት ሲደርሱ እናትየው የተቆረጠውን ሸሚዝ አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ሚጣስ?" አለች። "ፈራች" አለ፤ ውሸቱን አንዴ ጀምሮታል፣ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባ። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ "እንኳን ፈራሽ የኔ እናት! እንኳን ፈራሽ! መፍራት እኮ ጤና ነው" እያለች ፀጉሯን ዳበሰች። ሚጣ ከእናቷ ትከሻ በላይ አባቷን ትመለከት ነበር።

እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ። ሌላ ተማሪ በዚያ ጎማ ቢነሳስ? ይህንን ሲያስብ ልብሱን እንኳ በወጉ ሳይለብስ ወደ ክለቡ በረረ። መንገድ ላይ የሚናገረውን አዘጋጅቷል፤ "ትናንት ሳላስተውል ቀርቼ ነው፣ ማታ ነው ትዝ ያለኝ" ይላል። ሃንጋሩ ሲደርስ መካኒኩ ቱታውን ለብሶ ሻይ ይጠጣል። የአውሮፕላኗ የቀኝ ጎማ አዲስ ነው። አሮጌው ግድግዳ ተደግፎ፣ የተፋቀው ቦታ ወደ ውጭ ዞሮ ቆሟል።

"መጡ ጋሼ!" አለ መካኒኩ ፈገግ ብሎ። "ልጅዎ እኮ ትናንት ልትሄዱ ስትሉ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። አውሮፕላኗን ገፋ አድርጋ ነው ያየችው፤ ወደ ሥር ዞሮ ስለነበር ሌላ ሰው አያየውም ነበር። 'አባዬ በደስታ ረስቶት ነው፣ ነገ ራሱ መጥቶ ይነግርዎታል' አለችኝ። ይኸው መጡ።"

ጋሼ ፍሬን ያዘጋጀው ነገር ጠፋበት።

"አዎ" አለ። "እሱን ልናገር ነው የመጣሁት።"

ካፒቴኗም ብዙ አላለችውም። "በየዓመቱ አንድ ጎማ የሚበላ ተማሪ አለ። ሲሆን ግን ወዲያው ይናገሩ" አለችው። እግሩም ጎማውም በዚሁ ታለፉ። የሸሚዙ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ቀረ። ያኛው ነገር፣ ልጅቷ ፈርታለች ያለው ነገር፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አላወቀምና።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ፍሬን በሕይወቱ የጠላው ቃል "አይዞሽ" ሆነ። ሚጣ ክለቡ ስትገባ አይዞሽ፤ ስትወጣ አይዞሽ። ካፒቴኗ የብቻ በረራዋን አቆይታ ተጨማሪ ልምምድ ሰጠቻት፤ ከቀድሞው ይልቅ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የምታናግራት፤ ያ ልስላሴ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ልጅቷ መለወጥ ጀመረች። በሁለት ጣት ትይዘው የነበረውን መሪ በሙሉ እጇ ጨበጠችው። አንዴ የፈተሸችውን ሁለቴ ትፈትሻለች። ከዚህ በፊት ጠይቃ የማታውቀውን "ልክ ነኝ ካፒቴን?" ትጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ልታርፍ ተቃርባ፣ ምንም ሳይሆን፣ ነዳጅ ሰጥታ ተመልሳ ተነሳች። "ምነው?" ስትባል "አላውቅም" አለች። ከኋላ የተቀመጠው አባቷ እጁን ወደ ሸሚዟ ሰደደና መሃል ላይ መለሰው፤ ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ መሃል ቀብሮ ተቀመጠ።

መኪና ውስጥ ሊነግራት ሞክሯል።

"ሚጣዬ፣ ያን ቀን..."

"መንገዱን እይ አባዬ" አለችው ከኋላ።

በስተመጨረሻ የተናገረው አየር ላይ ነው። አስቦበት አልነበረም። ሚጣ እያበረረች ነበር፤ ዞራ ለማረፍ ስትዘጋጅ ካፒቴኗ በዚያ ለስላሳ ድምፅ "አይዞሽ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም" አለቻት። የልጁ ትከሻ ከፊቱ ሲሸማቀቅ አየ። የተናገረውን ሁሉ ሦስቱም በጆሯቸው ይሰሙታል፤ የሚወጣበት በር የለም፤ መሬቱም ሩቅ ነው።

"ካፒቴን፣ ልጄ አልፈራችም ነበር" አለ።

ወደፊት ጎንበስ አለ።

"ያን ቀን አልፈራችም ነበር። አላለቀሰችም። ዋሽቼ ነው። ጎማውን ፍቄው፣ እንዳይታይ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ደስታ አስረስቶኝ አይደለም፤ አይቼው ነው ያዞርኩት። በዚያ ጎማ እንዳትነሳ ፈለግኩ፤ ጥፋቴን ግን መናገር አፈርኩ፤ በሷ አሳበብኩ።" ዓይኑን ወደ ልጁ ጀርባ መለሰ። "ተራዋንም ሰጥታኝ ነበር። በር ኋላ ሆኜ ሰምቼ ነበር።"

ካፒቴኗ ፊቷን አላዞረችም።

"ካፒቴን፣ ወደ ማኮብኮቢያው ልዙር?" አለች ሚጣ።

"ዙሪ" አለች ካፒቴኗ።

መሬት ላይ ካፒቴኗ ሚጣን አሳልፋ ከአባትየው ጋር ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እኔ እስክነግርዎ ድረስ ብቻዎን አይነሱም። ጎማው አይደለም። በጎማማ ማንም ይሳሳታል" አለችው። "ለእኔ የተናገሩትን 'አይዞሽ' ላሏት ሁሉ ይንገሩ።" ሄዶ ነገራቸው። ሶፋው አጠገብ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ለአንድ ክፍል ሰው። አንዱ ለመሳቅ ሞክሮ ተወው፤ ሌላዋ የሻይ ብርጭቆዋን ታይ ጀመር። ሸሚዙን ራሱ ከግድግዳው ሊያወርድ ሲል ካፒቴኗ "ይቆይ፣ ይዩት" አለች። ያ ደግሞ ከማውረድ የባሰ ነበር። ማታ ለሚስቱም ነገራት። ነርሷ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ተነሳችና ወደ ልጇ ክፍል ገባች፤ በሩ ከውስጥ ተዘጋ።

ከወር በኋላ የሚጣ ቀን መጣ። እናትየው ሳትቀር መጥታለች፤ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ካፒቴኗ "አባት፣ እሺ ይላሉ?" አለች እንደ ደንቡ። ጋሼ ፍሬን "እሷን ይጠይቋት" ማለት ፈለገ፤ ግን ደንቡ የሚፈልገው የሱን ቃል ነው። "እሺ" አለ።

ሚጣ ዙሪያዋን ፈተሸች። አውሮፕላኗን ገፋ አድርጋ ጎማዎቹን ሥር ድረስ አየች። ከዚያ ተነሳች። ጋሼ ፍሬን ሣሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተላት። ዞራ መጣች፤ ዝቅ አለች፤ ቀኝ እግሩ ሣሩን ሲጫን ተሰማው። ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲነኩ ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም።

ስትወርድ ሁሉም ተንጋግተው ሄዱ። እናቷ ስታለቅስ ሚጣ ሳመቻት። ካፒቴኗ መቀሱን አውጥታ "ማን ይቁረጥልሽ?" አለቻት። ጋሼ ፍሬን ከሰው ኋላ ነበር የቆመው፤ ካፒቴኗ ትቁረጥልኝ የምትል መስሎት ነበር፤ ወይ እናቷ።

"አባዬ ይቁረጠው" አለች።

መንገድ ለቀቁለት። መቀሱን ተቀበለ። ሚጣ ጀርባዋን ሰጠችው። ሸሚዟን ሲጎትትበት የነበረውን ያንኑ ቦታ ያዘ፤ እጁ ያውቀዋል። ይቅርታ አድርጋልኛለች ብሎ ልቡ ገና ሊሞቅ ሲል፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠራችው።

"አባዬ።"

"ወዬ የኔ እናት።"

"ዛሬ ፈርቼ ነበር። ስነሳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳርፍም።"

"ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ማንም..."

"ያን ቀን አልፈራሁም ነበር" አለች፤ ዘወር ሳትል። "ትንሽም። ፍርሃት የገባኝ አንተ ፈርታለች ካልክ በኋላ ነው። እስካሁንም አልወጣልኝም።"

መቀሱን እንደከፈተ ቀረ።

"ቁረጠው እንጂ" አለችው። "ሰው እየጠበቀ ነው።"

ቆረጠ። መቀሱ ደነዝ ነበር፤ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ለመቁረጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።